ደገኞች ነን ብለን የሰረዝናት ሌሊት

ቤድፎርድ

በዳላስና በፎርት ዎርዝ መሃል የሚኖር ሰው ተራራ ለመውጣት ሲያስብ የመጀመሪያ ችግሩ ተራራ አለመኖሩ ነው። በእኛ ሰፈር ከፍታ ማለት አንዱ ሀይዌይ በሌላው ላይ የሚያልፍበት ድልድይ ነው፤ እሱም በእግር አይወጣም። ስለዚህ እኔና እማዬ ለሂማላያ የተለማመድነው ሪቻርድሰን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። ጀርባችን ላይ ጋሎን ጋሎን ውሃ አዝለን እስከ ላይኛው ፎቅ እንወጣለን፣ እንወርዳለን፣ ደግመን እንወጣለን። አንድ ቅዳሜ ጥበቃው መኪናችንን የት እንዳቆምን የረሳን መስሎት ሊያፈላልገን መጣ።

«መኪናችን አልጠፋም» አለችው እማዬ። «የጠፋን ተራራ ነው።»

ሐሳቡን ያመጣችው ዶልማ ናት። ግራንድ ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ከእኔ ጋር እቃ የምታሽግ ኔፓላዊት ናት። በእኛ አካባቢ ኔፓሎች ብዙ ናቸው፤ ምስርና እርድ ሲያልቅብን ከእነሱ ሱቅ እንገዛለን። ዶልማ በምሳ እረፍት ስልኳን ከፍታ የአገሯን ፎቶ ታሳየኛለች። አንድ ቀን በረዶ ላይ ወረፋ ይዘው የቆሙ ሰዎችን አሳየችኝና «እዚህ እንዳትሄጂ» አለችኝ፤ «ይሄ የጠዋት ሀይዌይ ማለት ነው። በአክስቴ አገር በኩል ሂጂ። ፒኬ የሚባል ተራራ አለ። ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው አይበዛበትም፣ በጥቂት ቀን ይዘለቃል። ከጫፉ ላይ ኤቨረስትን ከሩቅ ታዪዋለሽ።»

ዝቅ ያለ ያለችው ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። የኔፓል ሰው ስለ ተራራ ሲያወራ እንዲህ ነው።

እኔ ደግሞ ነገር መጀመር ይሆንልኛል። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ጀምሬ ፈተናው ሲደርስ ተውኩት። ቤት አሻሻጭ ልሆን ብዬ መጽሐፉን ግማሽ ላይ ዘጋሁት። ኮሌጅ አንድ ሴሚስተር ቆየሁ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብኩ የምጽፋቸው ግጥሞች እንኳ አብዛኞቹ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመዋል። እማዬ ቤድፎርድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የእሷ ምኞት እኔ ነርስ እንድሆን ነው፤ ምኞቷንም በቀን አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ትነግረኛለች።

ስለ ፒኬ ስነግራት ድስት እያጠበች ነበር።

«ይሄንንም ልትጀምሪ ነው?» አለችኝ።

«ይሄንን እጨርሰዋለሁ።»

«ምን ጨርሰሽ ታውቂያለሽ? ማለቴ፣ ከምግብ ሌላ።»

 ድስቱን ደፍታ እጇን አደራረቀች።

«ኦኬ። እኔም እመጣለሁ። ጫፉ ላይ ከወጣሽ ስለ ነርሲንግ ሁለተኛ ትንፍሽ አልልም። ካልወጣሽ በመጪው ሴሚስተር ትመዘገቢያለሽ። ያለ ማጉረምረም።»

«ያለ ማጉረምረም የሚለውን አውጪው።»

«ዋናው እሱ ነው።»

ተጨባበጥን። እማዬ ቃሏን የምታጥፍ ሰው አይደለችም፤ ስለዚህ ነገሩ ቀልድ መሆኑ እዚያው አበቃ።

ከዚያ ወዲያ ዕቅድ ሆነ። የዶልማ አክስት ፔማ ጃፕሬ የሚባል መንደር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ ልጇ ሚንግማ ደግሞ መንገድ መሪ ነው። በቪዲዮ ደወልንለት። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ ከካትማንዱ በጂፕ እስከ ዳፕ፤ ከዳፕ በእግር ጃፕሬ፤ ሰውነት አየሩን እንዲለምድ ጃፕሬ ሁለት ሌሊት፤ ከዚያ ከተራራው ሥር ያለችው ማረፊያ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጫፉ። የእማዬ የዓመት ፈቃድ ግን ለዚህ ሁሉ አልበቃ አለ። አንድ ሌሊት መውጣት ነበረባት። ሁለተኛዋን የጃፕሬ ሌሊት ሰረዝኳት።

ይህን ስናደርግ አንዳችንም አላመነታንም። እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነን። በቤተ ክርስቲያናችን የሚያውቀን ሁሉ ያለን ይህንኑ ነው፦ እናንተ ደገኞች፣ ተራራ ምን ያደርጋችኋል? እማዬም «ደም አይረሳም» ብላ ዘጋችው።

«የእናንተ ከተማ ከፍታው ስንት ነው?» አለኝ ሚንግማ በስልክ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ገደማ።»

«ከጃፕሬ ጋር እኩል ነው።»

«አየህ?»

«ከዚያ ከወጣችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

 ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ኦኬ፣ ዲዲ» አለኝ በመጨረሻ። ዲዲ በእነሱ እህት ዓለም እንደማለት ነው፤ ክርክሩን በአክብሮት ሊዘጉ ሲፈልጉም እንደሚሉት በኋላ ገባኝ።

ካትማንዱ

አበሻ አውሮፕላን ሲሳፈር የሻንጣው ግማሽ የሰው አደራ ነው። ወደ ኔፓል ስንነሣ ግን የሚልክብን አልተገኘም፤ እማዬ ሻንጣዋን እያነሳች እየጣለች «የሆነ ነገር የረሳን ይመስለኛል» ትል ነበር። በዋዜማው ዶልማ ለአክስቷ የሚደርስ ቫይታሚን፣ የጉልበት ቅባት፣ ቸኮሌትና ሁለት ጥንድ ጫማ ይዛ መጣች። የእማዬ ፊት በራ። «አሁን ጉዞ ሆነ» አለች።

ካትማንዱ ስንደርስ ሚንግማ አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። የእኔ እኩያ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ሳቁ ዓይኑ ላይ የሚቀር። ነጭ ሻሽ አንገታችን ላይ አደረገልንና እማዬን «አማ» አላት፤ በእነሱ እናት ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጇ ሆነ። ታክሲው መስኮት ላይ ተለጥፌ ከተማዋን አየሁ፦ ግማሹ ሕዝብ ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀምጦ የተለቀቀባት የአዲስ አበባዋ መገናኛ ናት። ዳላስ ውስጥ በአንድ ዓመት የማልሰማውን ክላክስ ሆቴል ሳንደርስ ሰማሁ። ግን የሚቆጣ የለም። እዚያ ክላክስ ማለት «አለሁ» ማለት ነው።

እማዬ ሆቴሉ ክፍል ገብታ መጀመሪያ ያየችው የአልጋውን አንሶላ ማዕዘን ነው። እንደገና አነጠፈችው።

ማታ እራት ላይ ሚንግማ ካርታውን ዘርግቶ ጃፕሬ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «አማ፣ እዚህ አንድ ሌሊት ቢጨምሩ ጥሩ ነው።»

«ልጄ፣ እኛ ደገኞች ነን» አለችው እማዬ፣ እጁን ቸብ ቸብ እያደረገች። ካርታውን አጠፈው።

ወደ ዳፕ

ጣርማ በርን በአውቶቡስ የወረደ ሰው የዚህን መንገድ ግማሽ ያውቀዋል። ሌላው ግማሽ አቧራ ነው። ጂፑ ገደል ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ እማዬ ዓይኗን ጨፍና መዝሙር ጀመረች፤ ቀስ ብላ ጀምራ ገደሉ ሲጠልቅ ድምፅዋም ከፍ አለ። ሾፌሩ የራሱን ዘፈን አጠፋ። የተቆጣ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣ ሚንግማ «ጥሩ ድምፅ አላቸው ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። ከዚያ ወዲያ ገደል በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ራሱ ዞር እያለ በአገጩ ምልክት ይሰጣት ጀመር።

«ፊትህን አዙር በለው» ትለዋለች እማዬ ሚንግማን። «ካላዞረ አልዘምርም።»

ከሰዓት በኋላ ጎማ ፈነዳ። መጠባበቂያው ጎማ ደግሞ ከፈነዳው ብዙም አይሻልም። ሾፌሩ ጎማውን ሊያስጠግን በሞተር ብስክሌት ሄደ፣ እኛ መንገድ ዳር ቀረን። ከአንድ ቤት ሴትዮ ወጥታ አየችን፤ ተመልሳ ገባች። ስትወጣ አግዳሚ ወንበር ተሸክማለች። ወንበሩን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ተመልሳ ገብታ፣ ዱባ የሚያህል ኪያር ቆራርጣ በጨውና በሚጥሚጣ ለውሳ አመጣች። ስሟን አላወቅንም፣ የእኛንም አልጠየቀችም። ቴክሳስ ውስጥ ጎማ ሲፈነዳ ስልክ ትደውላለህ፣ የሚመጣው ሰው የፊርማ ቦታ ያሳይሃል። እዚህ ወንበር መጣ። እማዬ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ በሴትዮዋ ሁለት እጅ ሙሉ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ አንድ ፍሬ ቀምሳ፣ ሳቀችና ወደ ቤት ገባች። የእነሱም ቤት ቆሎ ነበረ፤ ይዛ ወጥታ ከእኛው ጋር ቀላቀለችው።

ዳፕ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። የማረፊያው ብርድ ልብስ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይመስላል፤ ከባድ፣ ቆዳ የሚበላ፣ ብርድ የማያስገባ። ተኛን።

ጃፕሬ

በማግስቱ መራመድ ጀመርን። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አቀበት ነው፣ ትንሽ ቁልቁለት፣ ከዚያ ስለ ቁልቁለቱ ይቅርታ እንደመጠየቅ ያለ ሌላ አቀበት። ዛፎቹ ቀይ አበባ አብበው ነበር፤ ቅጠላቸው ወፍራም፣ አበባቸው ጡጫ የሚያህል። ቀኑን ሙሉ ያገኘነው አላፊ ሁለት የከብት ጠባቂ ሴቶችና አንድ ብቻውን የሚሄድ በቅሎ ነው።

መሃል መንገድ ላይ ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ተደርድረው እንደ ግንብ ቆመዋል። ሚንግማ ግንቡን በቀኛችን አድርገን እንድናልፍ ነገረን። እማዬ ቆማ አሰበች።

«እኔ በግራም ሄድኩ በቀኝ የምጸልየው ለጌታ ነው» አለችው።

«ይሁን፣ አማ።»

«የሰው ቤት ግን የሚገባው በበሩ ነው» ብላ ግንቡን በቀኟ አድርጋ አለፈች።

እኔ ፊት ፊት እሄድ ነበር። ሚንግማ «ቀስ፣ ዲዲ» ባለኝ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ አወዛውዝለታለሁ። ያን ቀን ደህና ነበርኩ። እንዲያውም አንድ አቀበት ላይ ቆሜ እማዬ እስክትደርስ ሁለት መስመር ገጠምኩ፦

ደጋ ቢወልደኝም ሜዳ አሳደገኝ፤
ተራራው አይቶኝ ሀገርሽ የት አለኝ።

ስትደርስ አነበብኩላት። ትንፋሿን እየሰበሰበች ሰማችኝ። «ቤት ይመታል» አለች። «ሌላውስ?»

«ሌላ የለውም።»

«እንግዲያው ቶሎ ተራመጂ፤ ተራራውም ሁለት መስመር እንዳይሆንብሽ።»

ፔማ አጭር፣ ቀይ ጉንጭ፣ ወገቧ ላይ ባለ መስመር ሽርጥ ያሰረች ሴት ናት። አደራውን ስናስረክባት ጫማዎቹን አንድ በአንድ አሽትታ ሳቀች፤ የጉልበቱን ቅባት እዚያው ቆማ ተቀባች። ከዚያ እራት ምን እንደምንፈልግ ጠየቀችን። ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ በአንድ ትሪ ይቀርባል። «ይሄማ የጾም በያይነት ነው» አለች እማዬ። «አንድ ይበቃናል።»

አንድ ትሪ መጣ። ሁለታችንም እጃችንን ታጥበን ገባንበት። ፔማ ትጨምርልን ዘንድ ጭልፋ ይዛ መጥታ ከበላያችን ቆመች፤ አልጨመረችም፤ ሁለቱን እጆቻችንን እየተከታተለች አየች። እማዬ ሩዝ ጨብጣ አጎረሰችኝ። የፔማ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። ወደ ልጇ ዞራ ረጅም ነገር ተናገረች። ሚንግማ ጆሮው ቀላ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ምንም።»

«ልጄ፣ ምን አለች?» አለችው እማዬ።

ሚንግማ ወደ ጫማው አየ። እዚያ አገር እያንዳንዱ ሰው የራሱ ትሪ አለው፣ እስኪጠግብ ይጨመርለታል፤ የሰው እጅ የገባበትን ምግብ ሌላው አይበላውም። «እናቴ የምትጠይቀው…» አለ፣ «አሜሪካ ኑሮ እንዲህ ከብዷል ወይ ነው። ዶልማም እንዲህ ነው ወይ የምትበላው?»

እማዬ እጇን ከትሪው አወጣች፤ እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም። እኔ ሳቅ አፈነኝ። እማዬ ለሚንግማ አስረዳችው፣ እሱ ለእናቱ፦ ችግር ሆኖ አይደለም፤ እኛ አገር የሚዋደዱ ሰዎች ከአንድ ይበላሉ፣ ማጉረስም የፍቅር ነው፤ ዶልማ ደግሞ ደህና ናት፣ የራሷ ሳህን አላት፣ እንዲያውም ወፍራለች። ፔማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ኩሽና ገብታ ሁለተኛ ትሪ ሞልታ መጣችና ከእማዬ ፊት አስቀመጠችው። እንዳላመነችን ግልጽ ነበር።

እማዬ ሁለተኛውን ትሪ አንሥታ በመጀመሪያው ላይ ገለበጠችው። ፔማ ጭልፋዋን ጣለች። ከዚያ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

ከጃፕሬ በላይ

በመጀመሪያው ዕቅድ ይህ ቀን የዕረፍት ነበር። እኛ ተነሣን። ጠዋቱን ከሁሉ ፊት ነበርኩ፤ ዛፎቹ እያጠሩ ሄዱ፤ ከዚያ ቀሩ፤ ነፋስና ሣር ብቻ ሆነ። ስለ መጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀልድ እያወራሁ ነበር፤ መሃሉ ላይ መጨረሻው ጠፋኝ።

ማረፊያው ስንደርስ እኩለ ቀን ገና ማለፉ ነበር። ከተራራው ሥር የተቀመጠች የድንጋይ ቤት ናት፤ ጫፉ ከደጃፉ ይታያል፤ በጣም ቅርብ፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው የሚመስል። ተቀመጥኩ። ራሴ ውስጥ አንድ ሰው ሚስማር እየመታ ነበር። ሾርባ መጣ፤ ሽታው አስጠላኝ። እማዬ ከፊቴ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየች።

«ዝም አልሽ» አለች።

«ደከመኝ።»

«ደክሞሽ ዝም ብለሽ አታውቂም። ተነሺ፣ መሬት ላይ በተጋደመው በዚያ ጣውላ ላይ ቀጥ ብለሽ ሂጂ።»

«እማዬ፣ የአንቺ በሽተኛ አይደለሁም።»

«ሂጂ።»

ሄድኩ። ከጣውላው ሁለት ጊዜ ወረድኩ። እማዬና ሚንግማ ተያዩ። እሱ ቦርሳዎቹን ማሰር ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«ወደ ታች» አለችኝ እማዬ።

«ጫፉ ያውና! ነገ ጠዋት ነው። ልተኛበት፣ ይለቀኛል። ደብረ ብርሃን…»

«ደብረ ብርሃን ረስቶናል። ተነሺ።»

በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሚስማር ይመስለኛል ያናገረኝ። «አንቺ ማሸነፍ ፈልገሽ ነው» አልኳት። «ብንመለስ ነገር አለቀ። ጊዜ የለንም፤ ታውቂያለሽ። ኮሌጅ ልታስመዘግቢኝ ነው የምታወርጂኝ።»

ሚንግማ አማርኛ አይችልም፤ ግን ፊቱን አዞረ። 

«አዎ፣ ማሸነፍ እፈልጋለሁ» አለች እማዬ። «ጫማሽን እሰሪ።»

ጎንበስ ስል ዓለም ዞረብኝ። ማሰሪያው በጣቶቼ መሃል አልያዝ አለ። እማዬ ሣሩ ላይ ተንበርክካ አሰረችልኝ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፤ በሥራዋ ቀኑን ሙሉ ለሰዎች እንደምታደርገው፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ቁልቁለቱን ሚንግማ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ ሆነው አወረዱኝ። አንድ ጊዜ አስታወከኝ። ዛፎቹ መመለስ ሲጀምሩ ሚስማሩም መላላት ጀመረ፤ ሲመሻሽ ጃፕሬ ደረስን። ፔማ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። የገረማት አትመስልም ነበር።

ጃፕሬ፣ እንደገና

ጠዋት ስነቃ ጭንቅላቴ የራሴ ነበር። እኔ በምናቤ የሣልኩት ሽንፈት ከፍ ያለ ነገር ነበር፤ አውሎ ነፋስ፣ በረዶ፣ ምናምን። ይሄ ፀሐያማ ግቢና ዶሮዎች ነው። በሃሳቤ የኮሌጅ ቅጽ እየሞላሁ ከቤት ወጣሁ።

ኩሽናው ውስጥ ፔማ ገብስ ትቆላለች። እማዬ አጠገቧ ቁጭ ብላ ከተቆላው እየቃመች ታያታለች። ፔማ የተፈጨውን ዱቄት በሳህን አድርጋ ሻይና ቅቤ ልትጨምርበት ስትል እማዬ እጇን ያዘቻት። «ይሄማ በሶ ነው!» አለች፤ ውሃና ጨው ጠይቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በጣቶቿ እየጨበጠች ለወሰችው። ፔማ ቀመሰች። ጭንቅላቷን ወዲህና ወዲያ አለች፤ ቅቤ ጨመረችበት። እማዬ ቀመሰች። ጨው ጨመረች። የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ሳህን በሶ ላይ ሲከራከሩ ቆዩ፤ በመጨረሻ የተስማሙበትን ለእኔ ሰጡኝ። በላሁት። ከሁለቱም አገር ይሻል ነበር።

ከቁርስ በኋላ እማዬ ስልኳን ይዛ ጠፋች። ከቤቱ ጀርባ ኔትወርክ የሚይዝ አንድ የድንጋይ አጥር አለ፤ እሱም ላዩ ላይ ወጥተህ ጥጉ ላይ ከቆምህ ነው። ስደርስ እማዬ አጥሩ ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን ዘርግታ ሚዛን እየጠበቀች፣ በእንግሊዝኛ ታወራለች። የምታወራው ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ነው።

«ሦስት እሑድ እሠራልሻለሁ» ትላለች። «አዎ፣ እሑድ። ትክክል ሰምተሻል። አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እማዬ እሑድ አትሠራም። መጦሪያው ቤት ሥራ ስትይዝ ያስገባችው አንድ ቅድመ ሁኔታ እሱ ነበር፤ ገና፣ አዲስ ዓመት፣ ሌሊት፣ ሁሉንም ትሠራለች፣ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መሪ ናት። ከአጥሩ ላይ ስትወርድ እጇን ያዝኩላት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሺፍቴን እያስለወጥኩ ነው። ሶ፣ ቲኬቱን አንድ ቀን እንገፋዋለን፣ ካትማንዱ መዞሩን እንተወዋለን። ዛሬ እዚህ ታርፊያለሽ። ነገ ቀስ ብለን እንወጣለን፤ በሚንግማ እርምጃ፣ በአንቺ አይደለም።»

«እሑድ አልሠራም ብለሽ አይደል እንዴ ሥራውን የያዝሽው?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«በሬ ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል።»

«በሬው እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ቀሚሷን አራገፈች። ልትሄድ ስትል አስቆምኳት። «እማዬ፣ አሸንፈሽ ነበር እኮ። ዝም ብትዪ ይበቃሽ ነበር።»

«እንዲህ ባሸንፍ» አለችኝ፣ «ዕድሜ ልክሽን ‹በራስ ምታት ነው ነርስ ያደረግሽኝ› ትዪኛለሽ። አልፈልግም። ወጥተሽ እምቢ በዪኝ፣ ወይም ጤነኛ ሆነሽ ተሸነፊ።»

ትናንት ከላይ ስላልኳት ነገር ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ቀድማኝ ወደ ኩሽናው ሄዳለች፤ ከፔማ ጋር ገና ያልጨረሱት የበሶ ክርክር ነበራት።

ማታ ሚንግማ ካርታውን አውጥቶ የሰረዝኳትን ሌሊት በእርሳስ መልሶ አስገባት።  «ኦኬ፣ ዲዲ?» አለኝ ብቻ።

«ኦኬ» አልኩት።

ፒኬ

በሚንግማ እርምጃ መውጣት ማለት እግርህን ስታነሣ የሌላ ሰው እግር እንደሆነ አድርገህ መጠበቅ ነው። ያን መንገድ መጀመሪያ ሮጬ ነው የወጣሁት፣ ምንም አላየሁም ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ አየሁ፦ ሣር ውስጥ የበቀሉ ትናንሽ ሐምራዊ አበቦች፣ ድንጋይ ላይ የተሰጣ አይብ፣ አንድ ያረጀ ውሻ አብሮን ወጥቶ ቤቱ እንደራቀ ሲገባው የተመለሰበት ቦታ። ማረፊያው ደርሰን ሾርባዬን ጨረስኩ። እማዬ ሳህኔን አገላብጣ አየች። ከዚያ በጣውላው ላይ አስኬደችኝ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ብርዱ ጥርስ ውስጥ ይገባል። እማዬ ሦስት ሹራብ ደርባ፣ ከላይ የመጦሪያውን ጃኬት ለብሳ፣ ከፊቴ ሄደች። አሥር እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ አሥር እርምጃ። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና «እለፊ» አለችኝ።

«ምነው?»

«ውርርዱ የአንቺ ነው። ቀድመሽ ድረሺ።»

«አብረን እንደርሳለን።»

«ሴትዮ፣ በርዶኛል፣ ሂጂ።»

አለፍኳት። ጫፉ ላይ ባለ ብዙ ቀለም የጸሎት ጨርቆች በገመድ ተወጥረው ይርገበገባሉ፤ ከእነሱ በስተቀር ደመና ነው። በስተምሥራቅ ደመና፣ በስተሰሜን ደመና፣ ከእግራችን በታች ደመና። ዞሬ እጄን ዘረጋሁላትና አወጣኋት። ቆመን ጠበቅን። ደመናው አንድ ቦታ ላይ ተከፈተ፤ ነጭ ተራሮች ተሰልፈው ታዩ፤ ሚንግማ ከሩቅ፣ ከሌሎቹ ኋላ፣ ጫፏ ብቻ የምትታይ አንዲት ጥርስ የምታህል ነገር በጣቱ አሳየን።

«ያቺ ናት?» አለች እማዬ። «ያቺ ትንሿ?»

«ኤቨረስት ናት፣ አማ።»

እማዬ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ሩቅ ስለሆነች ነው» አለች፤ ልታጽናናት የፈለገች ይመስል። ደመናው ተዘጋ።

ከዚያ ጓንቷን አውልቃ እጇን ዘረጋችልኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ጨረስሽ» አለችኝ። «ቃሌ ቃል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ነገር አልናገርም።» ፊቷ ላይ ቅሬታ ፈለግኩ። አላገኘሁም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ እንደሆነ፣ ወይም ምን እንደሆንኩ፣ ለረጅም ጊዜ መለየት አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ጨርሼ ስለማላውቅ ስሜቱ እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በመጣንበት ወረድን። ፔማ ለዶልማ አንድ ከረጢት የተቆላ ገብስ ዱቄትና ደረቅ አይብ አሸክማ ላከችን፤ ሻንጣችን እንደገና ግማሹ የሰው ሆነ። ስንሰናበታት በእጇ ድንች አጎረሰችኝ። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

ቤድፎርድ

እነዚያን ሦስት እሑዶች እማዬን ሥራ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። ቢያንስ ያንን ላድርግላት ብዬ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ መኪኖች ሞልተው ሲያልፉን የሥራ ልብሷን ለብሳ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። መንገዳችን ላይ የኮሌጁ ትልቅ ማስታወቂያ አለ፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ፈገግ ብላ «ዛሬውኑ ተመዝገቡ» ትላለች። እዚያ ስንደርስ እማዬ ፊቷን ወደ ሌላኛው መስኮት ታዞራለች። እዚያ በኩል ያለው ጎማ መሸጫ ነው። ጎማዎቹን በጥሞና ታያቸዋለች።

ቃሏን ጠብቃለች። አንድም ቀን፣ አንድም ቅዳሜ ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው እሑድ መጦሪያው በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ ቦርሳዋን ስትሰበስብ፣ ብዙ ቀን ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ያኔ ከላይ፣ እኔ ራሴ ሳላውቅ መታመሜን እንዴት አወቅሽ? ጣውላው ላይ ያስኬድሽኝ፣ ምን ለማየት ነው? እዚህም እንደዚያ ታደርጊያለሽ?»

ሊፕስቲኳን በመስታወት አስተካከለች።

«ስለ ሥራዬ እየጠየቅሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«ስለዚያ አልናገርም። ውል አለን።»

«ይሄ እኮ ነርሲንግ አይደለም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ተሸንፌያለሁ» አለችኝ። በሩን ከፍታ ወረደች።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ ንገሪኝ።»

«ተሸንፌያለሁ ብዬሻለሁ» ብላ በሩን ዘጋችውና ወደ ሕንፃው ሄደች። ከኋላዋ አየኋት። የተሸነፈ ሰው እንደዚያ አይራመድም።